ሳትነሳ የሞቀች ሞተር

ጥቅምት 6 ቀን

በዓይን ለማላውቅሽ፣ በዝምድና ግን ለምትቀርቢኝ እህቴ፣

ሰላምታዬ በር ሳያንኳኳ እንደ ቤተኛ ዘው ብሎ ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው? አክስቴስ እንዴት ሆኑ? አክስቴ የምለው አማትሽን ነው፤ የእሳቸው አባትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ናቸው። ስለዚህ ሟቹ ባለቤትሽ ሩቅም ቢሆን ወንድሜ ነበር። እግዜር ያጽናችሁ። በአራት ቀን ሕመም ያን የሚያህል ሰው ይሄዳል ብዬ አልጠበቅሁም። በልጅነታችን ከቁመቱ የተነሳ ‹‹ቀጭኔው›› ነበር የምንለው። እዚህ በሰው አገር የዓሣ መጋዘን ማቀዝቀዣ እየጠገንሁ፣ ጣቴ ደንዝዞ ብዕር አልይዝ እያለኝ እንኳ፣ የእሱን ደብዳቤ መልስ ሳልጽፍለት ቀርቼ አላውቅም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ አትቀየሚኝ። ባለፈው ዓመት ‹‹አንድ ነገር ብሆን ሞተሯ ላንተ ናት፤ ነገሯ የሚገባህ አንተ ነህ›› ብሎ ጽፎልኝ ነበር። በግንቦት የሚያጓጉዝልኝ ድርጅት አግኝቻለሁ፤ ማሸጊያ ሣጥኑንም እነሱ ይልካሉ። እስከዚያ ሰባት ወር ቆማ ከከረመች ግን ትበላሻለች። ስለዚህ የምለምንሽ ገንዘብ አይደለም፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው።

ሞተሯ ስል ሞተር ብስክሌቷን፣ ሞተሩ ስል ውስጧ ያለውን ማለቴ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ከአሁኑ እንለያቸው። ሞተሩ ድሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ሦስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ነበር፤ ቀጭኔው ሲሊንደሩን አስፍቶ አምስት መቶ አደረገው። ጉልበት ጨመረች፣ ሙቀትም ጨመረች። እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያበርደው ነፋስና የራሱ ዘይት ነው። ዘይቱ ሰማንያ ዲግሪ ካልደረሰ ውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት አይተንም፤ ውሎ አድሮ እንደ ወተት ይነጣል። ከመቶ ሃያ ካለፈ ደግሞ ይቀጥንና ብረት ከብረት ይፋጫል። መቀመጫዋ ሥር ባለው የዘይት ታንክ ክዳን ላይ ሰዓት የሚመስል መለኪያ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳትነሳ መለኪያውን አንብቢ። ከዚያ አስነሺና በሃያኛው ደቂቃ ደግመሽ አንብቢ። ቆማ ስለምትሠራ ነፋስ አታገኝም፤ የቤት ማራገቢያ ፊቷ አድርጊላት። ሁለቱን ቁጥር ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።

የባልሽ ወንድም፣ ማቀዝቀዣ ጠጋኙ


ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ይብዛልዎ፤ ጣትዎንም ብርዱ ይማርልዎ። እኔም አማቴም በሕይወት አለን። እሳቸው እንደሆኑ ያውቋቸዋል፣ ‹‹እንዴት አደሩ›› ሲባሉ ‹‹አደርኩ›› ብቻ ነው መልሳቸው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ያቺን ብረት ወድጃት አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር ምሽቴን የወሰደችብኝ እሷ ናት። እኔ ከማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስጠርዝ ውዬ፣ እጄ ሙጫ እንደሆነ እራት አቀርባለሁ፤ ባሌ ጎርሶ ሳይጨርስ ‹‹ሞተሯ ጋ ነኝ›› ይልና ጋራዥ ይገባል። ይሁንና የሟች ቃል ነውና ያሉኝን አደረግሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የማስነሻ መርገጫዋን ስምንት ጊዜ ረገጥኩት። እግሬ ቆስሎ ላለቅስ ስል አማቴ ከበሩ ላይ ሆነው ‹‹በጉልበት አይደለም፤ ቀስ ብለሽ አዙሪውና ሲከብድሽ አንዴ ርገጪው›› አሉኝ። ወዲያው ተነሳች። ከልጃቸው ሰምተው ይሆናል።

ቁጥሮቹ እነሆ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳትነሳ 18፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 83። በሁለተኛው ሳትነሳ 17፣ ኋላ 82። በሦስተኛው ሳትነሳ 64።

አልተሳሳትኩም ጋሼ፤ መነጽሬን ጠርጌ ሁለቴ አይቼዋለሁ። ጋራዡ ቀዝቃዛ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ፀሐይ አይገባበትም። ሞተሩን በእጄ ብነካው ለብ ብሏል። ሳትነሳ የሞቀች ሞተር አይቼም ሰምቼም አላውቅ። እርስዎስ?

የወንድምዎ ሚስት፣ ጠራዧ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለእህቴ፣ ለጠራዧ፣

ጤናና ትዕግሥት አብዝቶ ይስጥሽ፤ ለእኔም ከትዕግሥቱ ትንሽ ያካፍለኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ የሞቀ እንጂ ሳይነሳ የሞቀ ሞተር በሃያ ዓመት ሥራዬ አልገጠመኝም።

የተበላሸው መለኪያው መሆን አለበት። ክዳኑን ፍቺና ከሥሩ ያለውን ዘንግ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሪው። መቶ ካላለ ውሸታም ነው፤ ሌላ እልክልሻለሁ። መቶ ካለ ግን… መቶ ካለ እንጃ። አንድ ሰው ይነዳታል ማለት ነው። ጎረቤታችሁ በያጅ ነው ብሎኝ ነበር ቀጭኔው፤ ቁልፍ ይኖረው ይሆን? እስቲ በዘዴ ጠይቂው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይስ ምን ይላል?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛን አይጠይቁን፤ ከጎረቤት ጋር ተኳርፈን ሰንብተናል።

ዘንጉን የፈላ ውሃ ውስጥ ብነክረው 94 አለ። ‹‹ውሸታም ነህ›› ብዬ ልጥለው ስል የማተሚያ ቤቱ አለቃዬ ‹‹ያለነው ከፍታ ላይ ነው እኮ፤ እዚህ ውሃ መቶ ሳይሞላ ነው የሚፈላው›› አለኝ። ስለዚህ መለኪያው ጨዋ ነው፤ የሰደብኩት በከንቱ ነው።

በያጁንም ሰደብኩት። በዘዴ ጠይቂው ብለውኝ ነበር፣ ዘዴ ግን ከየት ይምጣ? ‹‹የሙት ንብረት የምትነዳ አንተ ነህ?›› ብዬ በደንበኛ ፊት ጮህኩበት። ሰውዬው የብየዳ መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ ‹‹እኔ እሷን ቀርቶ ብስክሌት መንዳት አልችልም›› አለና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የላትም፤ ባሌ ነቅሎ ጥሎታል። ያላት ምስክር ዘይቷ ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት ቅዳሜ 58 እና 66 ብሏል። ቁልፉ ግን ከወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ከሚስማሩ አልጠፋም።

ባለፈው ዓርብ ማታ በመጽሐፍ መስፊያ ክር የጋራዡን በር ከነማጠፊያው አሰርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ክሩ እንዳለ አለ። ደስ ብሎኝ ገብቼ መለኪያውን ባየው 61! ተመልሼ ክሩን አየሁት። ክሩ የኔ ነው፤ ቋጠሮው ግን የኔ አይደለም። በቀን ሁለት መቶ ቋጠሮ የምቋጥር ሰው የራሱን ያውቃል።

ከአማቴ ጋር ብመካከር ‹‹አይጥ ይሆናል›› አሉኝ። አይጥ ይቋጥራል ጋሼ?

ጠራዧ


ጥር 29 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። መልስዎ ሳይደርሰኝ ደግሜ መጻፌ እንዳያስቡ ብዬ ነው። ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል። የጥር ቅዳሜዎች ሁሉ ሳትነሳ 19፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 82 ናቸው። ሌላ ወሬ የለም።

ጠራዧ


የካቲት 25 ቀን

ለእህቴ፣

ፈጣሪ ለሁላችንም ልብ ይስጠን። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ መንገድ ላይ ተገናኝተው ነው መሰለኝ በአንድ ቀን ደረሱኝ። በአንዱ ቋጠሮ ተለውጧል፣ በያጅ ተሰድቧል፣ አይጥ ተጠርጥሯል። በሌላው ‹‹ሌላ ወሬ የለም››። የቱን ልመን? ሳምንቱን ሙሉ ግራ ተጋብቼ አንድ የማቀዝቀዣ መጭመቂያ ገልብጬ ገጥሜ አለቃዬ ‹‹ታመሃል?›› አለኝ።

እህቴ፣ እኔ የምኖረው ሙቀት በመለካት ነው። አራት ቅዳሜ አራት ጊዜ 19? መስኮት የሌለው ክፍል እንኳ ዝናብ ሲዘንብና ሲያባራ ይለዋወጣል። የእናንተ ጋራዥ እንደዚያ ከሆነ፣ እዚህ በሚሊዮን የተገዙት ማቀዝቀዣዎቻችን ይፈሩ!

ቁጥሮቹን ከራስሽ ነው የጻፍሻቸው። ለምን? ሸጠሻት እንደሆነ ንገሪኝ። ችግር ገጥሞሽ ከሆነ እረዳለሁ፣ አልቆጣም። አይ፣ እቆጣለሁ፤ ግን ይበርድልኛል። የማይበርደው አለማወቁ ነው። የቀጭኔው አንድ ነገር እጄ ላይ እንዲኖር ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ምን አለኝ?

ወንድምሽ


መጋቢት 21 ቀን

ለጋሼ፣

ይቅር ባይ ልብ ይስጥዎ፤ ዛሬ ያስፈልግዎታል።

ሞተሯ አልተሸጠችም። የጥርን ቁጥሮች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው የፈጠርኳቸው። ውሸት ባልለመደ እጅ ስለጻፍኩት አንድ ዓይነት ሆነ።

በታኅሣሥ የመጨረሻው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። የጋራዡ በር ቀስ ብሎ ተከፈተና ሞተሯ ወደ ኋላዋ ወጣች። የሚገፋት ሰው የባሌን ካፖርት ለብሷል። በነጠላ ጫማ እስከ መንገዱ ሮጥኩ። ሰውየው ዞር ሲል አማቴ ናቸው። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው! ካፖርቱ መሬት ይጠርጋል፣ እጅጌውን አራት ጊዜ አጥፈውታል።

‹‹እማማ! ምን እየሠሩ ነው?››

‹‹ቀስ በይ፣ ሰፈሩን ትቀሰቅሺዋለሽ።››

‹‹ወዴት ሊሄዱ ነው?››

‹‹ዳገቱ ጋ።››

‹‹ዳገቱ ላይ ምን አለ?››

‹‹ምንም የለም። እምቢ ብሎኛል።››

ይኼው ነው። ቁልቁለቱን ለቀቋት፣ ከታች ማርሽ አስገብተው አስነሱና ሄዱ። እኔ መንገድ መሃል በነጠላ ጫማ ቀረሁ።

ሲመለሱ ሻይ አፍልቼ ጠበቅኳቸው። ልጮህባቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ከካፖርቱ ኪስ አንድ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ደብተሩን የጠረዝኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ለባሌ በልደት ቀኑ የሰጠሁት ነው፤ ‹‹ጠፋብኝ›› ብሎኝ ነበር። ስገልጠው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሙቀት ቁጥር ነው፤ ጽሕፈቱ የአማቴ።

አማቴ ሃያ ስድስት ዓመት የወፍጮ ቤት ሞተር እንዳንቀሳቀሱ እርስዎም ያውቃሉ። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ዱቄቱን እንጂ ሞተሩን ልብ ብዬው አላውቅም። የዘይት ቱቦውን በመዳፋቸው ነክተው ‹‹ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትቆማለች›› ሲሉ ትቆም ነበር አሉ። ሲሊንደሩን ያሰፉት፣ የዘይት ማብረጃዋን ፊቷ ላይ የገጠሙት ከልጃቸው ጋር ሆነው ነው። መንዳቱን ያስተማራቸው እሱ ነው። ያ ሁሉ ምሽት፣ ባሌ ከብረት ጋር ያመሸ ሲመስለኝ፣ ከእናቱ ጋር ነበር።

‹‹ለምን አልነገራችሁኝም?›› አልኳቸው።

‹‹አንቺ ያቺን ብረት ስታዪ ፊትሽ ይጠቁራል። እሱ ደግሞ ‹እናቴ ጋ ነኝ› ከሚል ‹ሞተሯ ጋ ነኝ› ማለት ቀለለው።››

መናደዴ ነው ማዘኔ፣ እስከዛሬ አልለየሁትም።

አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣው ዳገት ሦስተኛ ኩርባ ላይ ዘይቱ 127 ይደርሳል፤ ከዚያ ሁልጊዜ ተመላሽ ናቸው። ባሌ ሳይፈታው ሞተ። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻቸውን ሲሞክሩ ከረሙ። ሐኪም ደግሞ የደም ግፊት አለብዎት ብሏቸዋል። ልከልክል? ቁልፉን ልደብቅ? ሁለት ጊዜ ደብቄ ሁለት ጊዜ መልሼ ሰቀልኩት። ‹‹ለጋሼ እንንገራቸው›› ብላቸው ‹‹ልጄ የሰጠውን አልቀማም። እስኪወስዳት ሥራዬን ልጨርስ›› አሉኝ። ስለዚህ ዋሸሁልዎ።

አሁን እንደፈቀዱ ያድርጉ። ይቆጡም ይሆናል፤ ይበርድልኛል ብለዋል።

ጠራዧ


ሚያዝያ 11 ቀን

ለእህቴና ለአክስቴ፣

ዕድሜና እስትንፋስ ይስጣችሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ከሥራ ቀረሁ። የቀጭኔውን ደብዳቤዎች ሁሉ ከሻንጣ አወጣሁና መኝታዬ ላይ ዘረጋኋቸው። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ ሞተሯን እየሣለ ይልክልኝ በነበሩት ሥዕሎች ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን በሌላ እጅ የተጻፉ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይቻቸው አላየኋቸውም! ‹‹ይህን እንዴት አሰብከው?›› እያልሁ ስጽፍለት የነበረው ሁሉ ለአክስቴ ነበር ማለት ነው። ለማን ስጽፍ እንደኖርሁ አላውቅም ነበር። ራሴን ይዤ ተቀመጥሁ።

ስለ ዳገቱ አንድ ነገር ልበል። በዳገት ሞተሩ ብዙ ይዞራል፣ ሞተሯ ግን ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ነፋስ የለም። በሥዕሉ ላይ ማብረጃዋ ከፊት ጎማ መከለያ ጀርባ ነች፤ ያለውንም ትንሽ ነፋስ መከለያው ይወስድባታል። ወደ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር አንሷት። ነፋስ የሚሰበስብ የቆርቆሮ አፍ ይሠራላት። ያኔ ደግሞ በቁልቁለት ከልክ በላይ ትቀዘቅዛለች፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያስፈልጋታል። ክዳኑን ከምን እንደምትሠሩት አላውቅም።

አክስቴን ብቻቸውን አትላኪያቸው።

ወንድማችሁ


ግንቦት 7 ቀን

ለጋሼ፣

የላኩትን ምክር የባረከ እርስዎንም ይባርክ። በደብዳቤዎ ስለ ሣጥኑ አንድም ቃል አልነበረም፤ ሣጥኑ ግን ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ቆሞ የፀሐይ መግቢያችንን ዘግቶታል።

በያጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ‹‹ማን ነበር የሚነዳት ታዲያ?›› አለኝ። በአገጬ ወደ አማቴ ጠቆምኩት። መዶሻውን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ፤ የቆርቆሮውን አፍ በነጻ ሠራልን። ክዳኑን እኔ ሠራሁት። ለመዝገብ ሽፋን የምንጠቀምበትን ወፍራም ቆዳ በሁለት ድርብ ሰፋሁት፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው በገመድ ስቦ እንዲከፍተው አድርጌ። ከኋላ የሚቀመጠውን ግን ሳናስብ ቀረን። አማቴ ሞተሯ ላይ ወጥተው ‹‹ምን ትጠብቂያለሽ?›› ሲሉኝ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። በአንድ እጄ ወገባቸውን፣ በሌላው ገመዱን ይዤ፣ በየኩርባው ጎንበስ ብዬ መለኪያውን አነባለሁ።

‹‹ስንት?››

‹‹ዘጠና አራት!››

‹‹ክፈቺ!››

ከፈትኩ። አንደኛው ኩርባ ላይ 103፣ ሁለተኛው ላይ 109። ሦስተኛው ኩርባ ላይ 114 አለ። አማቴ ዞረው አልተመለሱም። እኔ ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ ነበር፤ ‹‹ስንት?›› ስለሚሉኝ ግን መጨፈን አልቻልኩም። 115። 115። ‹‹ስንት?›› 114። አናቱ ላይ ስንደርስ 112።

አቆሙና ወረዱ። ጓንታቸውን አውልቀው የዘይት ቱቦውን በመዳፋቸው ያዙት፣ ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ‹‹በቃ፣ አለቀ›› ብቻ አሉ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱን ክዳኑን ዘግቼ ወረድን፤ 87።

ቤት ስንገባ ሣጥኑን በእግራቸው መታ አድርገው ‹‹በይ ጫኚለት። እኔ ጨርሻለሁ›› አሉና ገብተው እስከ ስድስት ሰዓት ተኙ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ቀን ሲተኙ አይቻቸው አላውቅም።

እኔም ላስጭናት ነበር ጋሼ። ግንቦት እስኪመጣ ቀን ስቆጥር የከረምኩ ሰው ነኝ። ሰኞ የጫኚው ሠራተኞች መጥተው ‹‹እናስገባት?›› ሲሉኝ አፌ ‹‹አይ፣ ዛሬ አይሆንም›› አለ። ማክሰኞም እንደዚያው አለ። ረቡዕ አማቴን ‹‹ያስተምሩኝ›› አልኳቸው። እስከ ትናንት ድረስ በራችን ላይ ሦስት ጊዜ አጠፋኋት፤ በአራተኛው እስከ በያጁ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። አማቴ ‹‹ፍሪሲዮኑን እንደ ሊጥ አትጭመቂው!›› እያሉ ከኋላዬ ይሮጣሉ። ከእኔ ጋር ይህን ያህል አውርተው አያውቁም።

የማን ናት ይሉኝ ይሆናል። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ እጁ የእሳቸው ነው፤ እኔ ገመድ ከመሳብ በቀር ምን አለኝ? ግን እለምንዎታለሁ፣ ሣጥኑ ባዶውን ይመለስ። እምቢ ካሉ አልቀየምም። አይ፣ እቀየማለሁ።

ጠራዧ


ሰኔ 4 ቀን

ለሁለታችሁ፣

መንገዳችሁ ይቅና፤ ፍሬናችሁም አይክዳ።

ሣጥኑን ለበያጁ ስጡት፤ ለጫኚው ድርጅት ጽፌ ሁሉን ሰርዣለሁ። ለራሴ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሐምሌ አሥራ ሁለት እደርሳለሁ። ይዤ የምመጣው አንድ የእጅ ቦርሳና ለቀጭኔው እየጻፍሁ አክስቴን ያልጠየቅኋቸው አሥራ አራት ጥያቄዎች ናቸው። ሲያስፈልግ ብዕር እንዳይጠፋ ንገሪያቸው፤ መልሱን በእጃቸው እንዲጽፉልኝ እፈልጋለሁ።

ከጣቢያ ማን እንደሚቀበለኝ ሁለታችሁ ተነጋገሩበት። ማንም ይንዳ፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ወንድማችሁ